የደጋኑ ጉድጓድና የመቶ አለቃው ብብት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ሚስቴ ከቤት ልታባርረኝ ምንም አልቀራትም ነበር። ዕድሜ ልኬን ሰው ስመረምር ኖሬ ቤት ስውል የምመረምረው አጣሁና ድስቷን መመርመር ጀመርኩ። ይህን ሽንኩርት ማን ከተፈው፣ ሲከተፍ ማን አየ፣ ዘይቱ ለምን ጎደለ እላታለሁ። ስትሸሸኝ ደግሞ የሸሸችበትን ምክንያት እጠይቃለሁ። በመጨረሻ ወረቀትና እስክሪብቶ ገዝታ መጣችና፣ «በል የመረመርከውን ሁሉ ጻፈውና እኔን በነፃ አሰናብተኝ» አለችኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ትዳር ማትረፊያ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ፖሊስ የሆንኩት በደርግ ጊዜ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ደሴ ፒያሳ፣ በእግር እየተዘዋወርኩ እንድጠብቅ ነበር። የደሴን ጭጋግ ለማያውቅ ልንገረው፦ ጠዋት የነፋሁት ፊሽካ ጭጋጉ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቆይና ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚሰማው። ሌባው ያን ጊዜ ምሳውን በልቶ ጨርሷል። ደመወዙን አላነሳውም፤ እሱም እኔን አንስቶኝ አያውቅም። ቀጥሎ ሰኞ ገበያ አዛወሩኝ። አንድ ሌባ የሰረቀውን በግ ጋቢ አልብሶ፣ «አማቴ ናት፣ አሟት ነው» ቢለኝ ዝም ብዬ አሳለፍኩት እያሉ የሚያሙኝ ባልደረቦች ነበሩ። ነጭ ውሸት ነው። ዝም አላልኩም፤ «እግዜር ይማርሽ» ብያታለሁ።

ሥራውን የተማርኩት ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ኮምቦልቻ ስመደብ ነው። ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ ይመር ናቸው፤ ሰውነታቸው ደቃቃ፣ አፍንጫቸው ግን ለብቻው ማዕረግ የሚገባው ሽማግሌ መርማሪ። ወንጀል ተሠራበት የተባለ ቤት ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ዘፍ ይላሉ። ቆሞ የሚጠይቅ ፖሊስ የሚያየው የሰውን አናት ነው፣ ተቀምጦ የሚጠይቅ ግን እጁንና እግሩን ያያል ይሉኝ ነበር። እጅ ይዋሻል፤ የእግር ጣት ግን መዋሸት አልተማረም። እኔም ከሳቸው ወዲህ ስንቱን የእግር ጣት ሳይ እንደኖርኩ ጫማ ሰፊ እንኳ አይወዳደረኝም።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ትናንት ምን በላችሁ?» ሰው ስለ ሟቹ ሲጠየቅ የሚመልሰውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያድራል። ስለ ምሳው እጠየቃለሁ ብሎ የሚያጠና ግን የለም። ምሳ ላይ ከዋሸ፣ ሌላውንም የሚዋሸው ከዚያው አጠገብ ነው ይላሉ። መልሱን ሲሰሙ ተነሥተው ጓዳ ይገቡና ያሸታሉ። ያ አፍንጫ ስንቱን ነፃ አውጥቷል። አሁን የምተርክላችሁን ሴት ግን ወደ ሞት የገፋት እሱው ነው።

ሴቲቱ ዘሐራ ትባላለች። ከኮምቦልቻ አለፍ ብሎ ባለው በደጋን ገጠር የምትኖር፣ የሁለት ትንንሽ ልጆች እናት ናት። ባሏ ሰይድ ገበሬ ነበር። አመሻሽ ላይ የጠፋ በሬ ሲፈልግ ከቤቱ ስር ካለው ገደል ወድቆ ሞተ አለች፤ አገሩም አለቀሰ፣ ቀበረ። ወዲያው ግን የሟቹ ወንድም እንድሪስ ጣቢያችን መጣ። እንድሪስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደሴ አክስቱ ዘንድ ያደገ፣ ሰኞ ገበያ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንድሙን በገዛ እጁ አጥቦ ከፍኖ የቀበረ ሰው ነው። ያመጣውም ያንኑ ነው። ሬሳውን ሲያጥብ ሁለቱም ብብቶች ስር ቆዳው ተገሽልጦ፣ የገመድ ሰንበር ደረቱን ዞሮ አየ። ግንባሩ ላይ ደግሞ እብጠት አለ። «ይህ የወደቀ ሰው ገላ አይደለም» አለን፣ «ታስሮ የተመታ ሰው ገላ ነው።»

ሄድን። ጎረቤቶች ተጠየቁ። ሰይድ የሞተ ቀን ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ተሰምቷል። ዘሐራም፣ «ነገ ሐዘን እንደምቀመጥ እወቀው» ስትለው አንዲት ጎረቤት ሰምታለች። ከዚያም ጣቢያ ነይ ስንላት ከቤቴ አልወጣም አለች። ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት ዒዳዋን እስክትጨርስ ከቤት እንደማትወጣ ወሎ ያደገ ሁሉ ያውቃል። አለቃችን ግን ወሎ አላደገም።

አለቃችን መቶ አለቃ ግርማ ይባላል። በዕድሜ የእኔ እኩያ፣ ከፖለቲካ ትምህርት ትኩስ ትኩሱን የመጣ ነው። ሁሉ ነገር ሳይንሳዊ ካልሆነ ደስ አይለውም፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ስኳሩ የሚሟሟው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በመመሪያ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ማስረጃውን በጣቱ ቆጠረ፦ የገመድ ሰንበር፣ ዛቻ፣ ከቤት አልወጣም ማለት። «ባል ገዳይ» አለ፣ አለቀ። ዘሐራ በካቴና መጣች። ልጆቿን ጎረቤት ወሰዳቸው።

በዚያን ጊዜ ፋይል ወደ ላይ ከወጣ ሰው ወደ ታች ነው የሚወርደው። ከጣቢያው ጀርባ ደግሞ አንዲት ክፍል ነበረች። እኛ ተራዎቹ በዚያ በኩል ስናልፍ እንኳ ወደ ውስጥ ላለማየት አንገታችንን እንደ ግመል እናጣምማለን። መቶ አለቃው፣ «እስከ ሰኞ ካላመነች ለሚያናግሯት አስረክባታለሁ» አለ። ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

ሃምሳ አለቃ ይመር እንግዲህ ሊያድኗት ነው የተነሡት። ከኔ ጋር ይዘዋት ወደ ቤቷ ወረዱ፤ ጫማቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የዚያን ዕለት ምን በላችሁ?»

«ስንዴ» አለች። «የተረፈች የስንዴ ቂጣ።»

ጓዳ ገቡ። ሌማቱን ከፈቱና አፍንጫቸውን እስከ ጆሯቸው ድረስ አስገቡት። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል። «ስንዴ አይደለም። ማሽላ ነው፤ ያውም ጉድጓድ የከረመ ማሽላ። ሽታው አይለቅም» አሉ። ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ የእግሯ ጣቶች ግን መሬቱን ቧጠጡ። በረቱ ውስጥ ያለውን እበት በእንጨት ሲወጉት ሲወጉት ድንጋይ አገኙ። የተደፈነ የእህል ጉድጓድ ነው።

ያን ጊዜ ገበሬ እህሉን ለመንግሥት በኮታ ያስረክባል። የደበቀ አሻጥረኛ ነው፤ የአሻጥረኛ ቤት እንዴት እንደሚፈርስ ሁሉም አይቷል። ዘሐራ መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለችና እውነቱን አወጣችው። እህል ፈታሾች እየመጡ ነው የሚል ወሬ ደረሰ፤ ሰይድ ዛሬውኑ ከፍተን እናሽሸው አለ። እሷ ሳይናፈስ አትግባ፣ ከገባህ ነገ ሐዘን እቀመጣለሁ ብላ ለመነችው። እንቢ አለና መጫኛውን ብብቱ ስር አስሮ ወረደ። ጠራችው፣ ዝም። ብቻዋን ጎትታ አቃታት፤ ገመዱን በሬ ላይ አስራ አስወጣችው። ሲወጣ ግንባሩን የጉድጓዱ አፍ መታው። ትንፋሽ ግን አልነበረውም።

«ጮኼ ሰው ብጠራ ጉድጓዱ ይገኛል፤ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አለች። «ጉድጓዱን መልሼ ደፈንኩ፤ ሰይድን ገደሉ ድረስ ጎተትኩት። ወላሂ አባቴ፣ እኔ አይደለሁም የገደልኩት። ተደፍኖ የከረመ ጉድጓድ ትንፋሽ ይነሳል።»

ሃምሳ አለቃ የደጋ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ የደሴ። በእኛ አገር እህል በጎተራ ነው የሚቀመጥ። ጎተራ ደግሞ ሰው ሲገድል አልሰማንም። የአገሩን ሰው ብንጠይቅ ሁሉም፣ «ጉድጓድ? ምን ጉድጓድ? እኛ ዘንድ ጉድጓድ የሚባል የለም» አለን። ጉድጓድ እንደሚገድል የመሰከረ ከየት አወቅህ ይባላላ፤ የራሱ በረት ነው የሚቆፈረው። አንዱ ሽማግሌማ ፍርሃቱ ብሶበት የውኃ ጉድጓድም አላውቅም አለ፤ ውኃ እየቀዳ ነበር።

መቶ አለቃው ሪፖርቱን ሲሰማ ሣቀ። አሻጥሩ ተጨመረ፤ ገመዱ ተገኘ፤ ሟቹ የሞተበት ቦታ ታወቀ፤ ሬሳውን መጎተቷን አመነች። ለሰንበሩ ያቀረበችው ምክንያት ትንፋሽ የሚበላ ጉድጓድ ነው። «ጂኒ ገደለው ነው የምትለን?» አለ። «ጂኒ አላልኩም ጌታው» አለች። እሱ ግን ያጻፈኝ «ተጠርጣሪዋ ወንጀሏን ባዕድ አምልኮ ላይ አሳበበች» የሚል ነው። ጻፍኩት። የሃምሳ አለቃ አፍንጫ የሴትዮዋን ገመድ አጠበቀው እንጂ አላላላውም።

ከሰኞ በፊት ተጠርጣሪዋ ቦታውን መርታ ታሳይ ተባለና ደጋን ወረድን፦ መቶ አለቃው፣ ሃምሳ አለቃ፣ እኔ፣ በካቴና የታሰረች ዘሐራ፣ ከሳሹ እንድሪስ። ፀሐዩ ድንጋይ ያቀልጣል። ጎረቤቶች ራቅ ብለው ቆመዋል። ድንጋዩ ሲነሳ ከጉድጓዱ የወጣው ሽታ ዐሥር የጠላ ጋን አንድ ላይ የፈነዳ ያህል ነው።

«እስከ ነገ ይናፈስ» አለች ዘሐራ። «ካልሆነ ኩራዝ አውርዱና እዩ።»

ኩራዙን በሲባጎ አወረድኩት። አፉን እንዳለፈ ድርግም። መቶ አለቃው ነፋስ ነው አለ። ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ የዘሐራ ሻሽ ጫፍ እንኳ አልተነቃነቀም። «ይህን ሕዝብ ከአጉል እምነት የሚያወጣው ንግግር አይደለም፣ ተግባር ነው» አለና የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። የሚያወርደው ገመድ ተፈለገ፤ ሌላ ስላልነበረ ኤግዚቢት ሆኖ የተያዘውን የሰይድን መጫኛ ከመኪናው አመጣሁ።

«ብብትዎ ስር ይሰሩት» አለችው ዘሐራ። «እባክዎ።» እየሣቀ አሰረው። ጫፉን ለእኔ ሰጠኝና ወረደ።

«አያችሁ? ምንም የ—» አለ ከታች።

ከዚያ ገመዱ ከበደ።

ፍርሃት ብዙ ዓይነት አይቻለሁ፤ የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነው። ስሙን ጠራሁ፣ ዝም። መኮንን ጉድጓድ ውስጥ ሞቷል፣ የታሰረበት ገመድ እጄ ላይ ነው፤ ያውም ኤግዚቢት! ማን ያምነኛል? ታፍኖ ሞተ ብል ባዕድ አምላኪ ብለው የሚጽፉብኝ እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ አይጠፋም። ከጣቢያው ጀርባ ያለችው ክፍል በዓይኔ መጣች። አእምሮዬ ደግሞ ሳላዘው መሥራት ጀመረ፦ ወድቆ ነው እንበል፣ እግሩ ከድቶት ነው እንበል። ዓይኔን ሳገኘው የት እንዳገኘሁት ታውቃላችሁ? ሰይድ የተጣለበት ገደል ላይ ተተክሎ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ሲለካ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ? ጎትት!» ሃምሳ አለቃ ናቸው። ገመዱን አብረውኝ ያዙ። ጎተትን። ወደ አፉ ሲደርስ ተቀረቀረ፤ የጉድጓድ አፍ እንደ እንስራ አንገት ጠባብ ነው።

«ሁለት ሰው አይበቃውም፤ እኔ በሬ ነበረኝ» አለች ዘሐራ። «ፍቱኝ።»

ሃምሳ አለቃ የካቴናውን ቁልፍ ሁለቴ ጣሉት። ተፈታች፣ ገመዱን ከፊቴ ጨበጠች። እንድሪስም ከኋላ መጥቶ ያዘ፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽና ፖሊስ በአንድ ገመድ ላይ ተሰለፍን። በአንድ ጊዜ ስንስበው መቶ አለቃው ወጣ። ሲወጣ ግንባሩ ድንጋዩን ሲመታ ሁላችንም ሰማነው።

መልኩ አመድ ነው። ዘሐራ የሸሚዙን ቁልፍ ልፍታ ብላ ጊዜ አላጠፋችም፤ ሸሚዙን በጥርሷና በእጇ ከፈተችው፣ በሻሿ አራገበችለት፣ ጉንጩን በጥፊ መታችው። መቶ አለቃን በጥፊ መምታት ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ የጠየቀ የለም። ቆይቶ ደረቱ ከፍ አለ። «አብሽሩ፣ አለ» አለችን። «ትንፋሹ አለ።»

ያን ጊዜ እንድሪስን አየሁት። ከመቶ አለቃው አጠገብ ተንበርክኳል። የሰውዬውን ክንድ እንደ ሬሳ ክንድ በቀስታ አነሳና ብብቱን አየ። ቆዳው ተገሽልጧል፤ የመጫኛው ሰንበር ደረቱን ዞሯል። ግንባሩን አየ፤ እብጠቱ እየወጣ ነው።

«ይኸው ነው» አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር። «ወንድሜን ሳጥብ ያየሁት ይኸው ነው። ሌላ አይደለም።»

ዘሐራ ሻሿን ማራገብ አላቆመችም። እንድሪስ ክንዱን መሬት ላይ መለሰና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

መቶ አለቃው ዓይኑን ገለጠ። «ማን ነው ያሰረኝ?» አለ።

«እርስዎ ራስዎ ነዎት ጓድ መቶ አለቃ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ሳቅ መጥቶብኝ ዋጥኩት፤ እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ። ግን ፍርሃቱ አላለቀም። ግድያው ከላይዋ ወረደ፤ አሻጥሩ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል። እህሉ ከተገኘ ከአንዱ ሞት ወጥታ ሌላው አፍ ላይ ናት። መቶ አለቃው ውኃ ጠጣ፣ ግንባሩን ዳሰሰ፣ ሴትዮዋን ረጅም ጊዜ አያት።

«እኔ ያየሁት ጨለማ ብቻ ነው» አለ። «ውስጡ ምን እንዳለ ሪፖርት መቅረብ አለበት። የሚገባ?»

ሁላችንም የየጫማችንን ማሰሪያ ማየት ጀመርን። ሃምሳ አለቃ ጫማ እንኳ አላደረጉም ነበር።

«ነገ አንተ ትገባለህ» አለኝ።

ሃምሳ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ሳይደፈን ይደር፤ ይናፈስ። ልጅ እንዳይገባበት ደግሞ እንድሪስ ይጠብቀው» አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት ራቅ ብለው የቆሙትን ጎረቤቶች ነበር። መቶ አለቃው ሰማ፤ ወደ መኪናው አመራ። ዘሐራን ይዘን ተመለስን።

መኪናው ላይ ሃምሳ አለቃ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ኮምቦልቻ ልንደርስ ስንል፣ «ነግራን ነበር'ኮ» አሉኝ። «ማሽላውን አሸተትኩ፣ ሴትዮዋን አልሰማሁም።» አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ ስለ ስሕተታቸው የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ተጠርጣሪ የማይመስል ነገር ሲናገር እኔን ቃል ያስደግሙኛል፤ እንደተናገረው ጻፍ፣ አንተ አትተርጉም ይሉኛል።

በማግስቱ ወረድኩ። ለሚስቴ ቻው ሳልላት ወጥቼ ከመንገድ ተመልሼ ቻው ያልኳት፣ እንደገና ተመልሼ የሳምኳት ያን ቀን ነው፤ ሌላ ሴት ያዘ ብላ ለሳምንት አኩርፋለች። ገመዱን የያዙልኝ ሃምሳ አለቃና እንድሪስ ናቸው። የእንድሪስ ዓይን ቀልቷል፤ ልብሱ ከእግር እስከ ራሱ አቧራ ነው፤ እጁ ላይ የልብስ ሰፊ እጅ የማያውቀው ውኃ ቋጥሯል። ኩራዙን በእጄ ይዤ እያንዳንዷን ትንፋሽ እንደ መጨረሻ እየቆጠብኩ ወረድኩ። ነበልባሉ ሲንቀጠቀጥ አብሬው እንቀጠቀጣለሁ። አልጠፋም።

እግሬ መሬት ነካ። ዙሪያውን አየሁ። ጉድጓዱ ተጠርጓል፤ ያውም ለሠርግ እንደሚጠረግ ቤት። አንዲት ፍሬ የለም። ሽታው ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል፤ ሽታ ደግሞ በኮታ አይሰበሰብም።

«ምን አለ?» አለ መቶ አለቃው ከላይ። ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፏል።

«ምንም የለም ጓድ መቶ አለቃ።»

«በደንብ አይተሃል?»

«አይቻለሁ። ባዶ ነው።»

«ጻፈው» አለ።

ዘሐራን ያስፈታት ቃል የእንድሪስ ነው፤ ክሱን ራሱ አነሳ፣ በወንድሙ ገላ ላይ ያየውንና በመቶ አለቃው ገላ ላይ ያየውን አነጻጽሮ አስመዘገበ። መቶ አለቃውም በበኩሉ ስለ ብብቱ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ጨመረበት። ፋይሉ ወደ ላይ ሳይወጣ እዚያው ተዘጋ። ካቴናዋ የተፈታ ዕለት ግቢውን አቋርጣ እስክትወጣ ድረስ አንድ ሰው ከኋላ ይጠራታል ብዬ ስፈራ ነበር። ሃምሳ አለቃ እስከ በር ሸኛት አሉኝ።

እንድሪስ በር ላይ ቆሟል። ፊቷን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«ልጆቹስ?» አለች ዘሐራ።

«ደህና ናቸው። ጎረቤቶቹ ዘንድ ናቸው፤ እኔም እዚያው ነው የከረምኩት።»

«ምን አበላችኋቸው?»

«ማሽላ» አለ እንድሪስ።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ሰማይ አንጋጥጬ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም የሚለውን በጥብቅ መመርመር ጀመርኩ። የኮምቦልቻ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም፤ እኔ ግን ኮቴያቸው ከጆሮዬ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኔን አላወረድኩም።